ሆድ አይፍጀው፦ «የሚሞት አይናገርም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በአንድ ቀን ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ «እውነቱን የሚናገር ሰው ተገኘ» ብሎ ላከልኝ። ከሰዓት በኋላ እህቴ ምንም ሳትል ላከችው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ያንኑ ጽሑፍ ላከልኝና ከሥሩ አንዲት መስመር ጨመረ፤ «ቲቸር፣ እውነት ነው?»

ይህን ምላሽ የምጽፈው በዋናነት ለዚያ ልጅ ጥያቄ ነው። ባልደረባዬና እህቴም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ጽሑፉ ላልደረሳችሁ ፍሬ ነገሩን ሳላዛባ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የሚነሡት ከራሳቸው ሐዘን ነው። የወንድማቸው ልጅ ለማንም ምንም ሳይናገር ራሱን አጠፋ። ከዚህ ተነሥተው የሚሉት አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቆረጠ ሰው አይናገርም፤ የሚናገር ሰው ትኩረት ፈላጊ ነው። ሁለተኛ፣ አንዴ ልሙት አንዴ ልኑር እያለ የሚያመነታ ሰው የምሩን አይደለም፤ ችላ ሲባል ይተወዋል። ሦስተኛ፣ ስለዚህ ጉዳይ ሰውን መጠየቅ ያልነበረውን ሐሳብ መስጠት ነው። አራተኛ፣ ነገሩ የእምነት ጉድለትና የጥጋብ ውጤት ነው፤ አባቶቻችን የማያውቁት፣ ከውጭ የመጣ ነው። አምስተኛ፣ ገመናን ለጎረቤትና ለጓደኛ ማውጣት ትርፉ መዋረድ ነው፤ ሰው ያማል፣ ሕግም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሆድ ይፍጀው።

ከሁሉ በፊት፣ ለልጁ ነፍስ ይማር፣ ለእርሳቸውም መጽናናትን ይስጥልን። ስለ ልጁ የማውቀው ነገር የለም። ምልክት ነበረ አልነበረም ብዬ በሐዘንተኛ ቤት ልፈርድ አልችልም። ምንም ሳይናገሩ የሚሄዱ ሰዎች መኖራቸውንም እቀበላለሁ። የምቃወመው፣ ከአንድ ልጅ ዝምታ ተነሥቶ በሚናገሩት ሁሉ ላይ የተላለፈውን ፍርድ ነው። ነጎድጓድ ሳይሰማ የወረደ ጎርፍ አለ። ነጎድጓድ ስንሰማ ግን ያጠብነውን ልብስ ሰብስበን ከወንዙ ዳር እንነሣለን እንጂ «የሚጮኽ ሰማይ አይዘንብም» ብለን አንቀመጥም።

አንድ አብሮ አደግ ነበረኝ። ኮተቤ አብረን ተምረን፣ በኋላም አብረን አስተምረናል። ፋሲካ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀምጠናል። የቅርጫውን መዋጮ እኔ ነበርኩ የምሰበስበው፤ «ስምህን ልያዝ?» አልኩት። «እኔን አታስገቡኝ፤ እስከዚያ የምደርስ አይመስለኝም» አለ። «ሟርተኛ!» ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ረዳቱ ሒሳብ ጠየቀን፣ ለሁለታችን ከፈልኩ፣ ሌላ ወሬ ጀመርን። ፋሲካን ሳያይ ራሱን አጠፋ። ስሙ ያልተጻፈበት የቅርጫ ወረቀት እስከ ዛሬ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው ይተርፍ ነበር ወይ? ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ራሴን በዚህ ጥያቄ ስቀጣ ቆይቼ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ተናግሯል። በግልጽ አማርኛ፣ ከጎኑ ለተቀመጠ ሰው ተናግሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል ያወጣው ዘገባ «የሚናገር አያደርገውም» የሚለውን አባባል ከተሳሳቱ እምነቶች መካከል ያስቀመጠው እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ ነው። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል እንላለን። የባልንጀራዬ ንግግር የጨበጠው አረፋ ነበር፤ እኔ ግን አረፋውን አይቼ ውሃውን አላየሁም። ትኩረት ፈልጎ ከሆነም፣ የፈለገው ትኩረት ይገባው ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ የሆኑበት አንድ ነገር አለ። «ራሴን አጠፋለሁ» የሚለውን ቃል ፍቅረኛን ወይም ቤተሰብን ለማስገደጃ የሚጠቀም ሰው አለ፤ እኔም አይቻለሁ። እንዲህ ላለ ሰው የጠየቀውን ሁሉ መስጠት መፍትሔ አይሆንም። ይሁን እንጂ ቃሉን ማስፈራሪያ ያደረገ ሰውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የተፈራው ወገን ነገሩን ብቻውን ከሚሸከም ሦስተኛ ሰው ጠርቶ አብሮ ወደ ሐኪም ቢወስደው ይሻላል። ችላ ማለት ግን ለማንኛውም ዓይነት ሰው ትክክል አይሆንም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ከጽሑፉ ሁሉ ያመመኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያመነታው ሰው እኔ ነበርኩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ምክንያቱን በአንድ ነገር ላይ መለጠፍ አልችልም። እናቴ አርፋ ነበር፣ ዕዳ ነበረብኝ፣ ባልንጀራዬን ቀብሬአለሁ፣ ለወራት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ኋላ ሐኪም «ድባቴ» ብሎ ስም ሰጠው። ያን ጊዜ ግን ስም አልነበረውም፤ ጠዋት ካልሲ ማድረግ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ሕይወት ነበር። በእነዚያ ወራት ውስጥ መሞትን ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ እንደ ዕረፍት ይታየኝ ነበር።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ያውም ሌሊት፣ ያውም እስከ ላይ ለመውጣት ጉልበት የለውም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ከብሎኩ ሥር ካለው ቧንቧ ይሰለፋል። በዚያች ሌሊት ነገን እንደማላየው እያሰብኩ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ የውሃው ድምፅ ሲሰማ ግን ተነሥቼ ጀሪካኖቼን ሰበሰብኩ። ስድስት ናቸው። አንዱን ሞልቼ አወጣሁ፣ ሁለተኛውን ሞልቼ አወጣሁ፤ ክዳናቸውን አጥብቄ ኩሽናው ግድግዳ ሥር ደረደርኳቸው። ከጣፎ በኩል ጅብ ይጮኻል። ስድስት ጀሪካን ለብቻው ለሚኖር ሰው ሳምንት ያደርሳል። ነገን አላየውም የሚል ሰው የሳምንት ውሃ ምን ያደርግለታል?

በጸሐፊው ሚዛን መልሱ ቀላል ነው፤ «የምሩን አልነበረም»። የምሬን ነበር። ውሃውንም የምሬን ነበር የቀዳሁት። ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት፣ እውነት ነበሩ። አማርኛችን ይህን ያውቃል፤ «አንድ ልቤ እንዲህ ይለኛል፣ አንድ ልቤ እንዲያ ይለኛል» እንላለን። ለትዳርና ለጉዞ የምንለው ለሞትና ለሕይወትም ይባላል።

ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ስድሳውን የዘለሉ ጎረቤት አሉኝ። እትዬ ነው የምላቸው፤ ያኔ የምንተዋወቀው በሰላምታ ነበር። አራተኛውን ጀሪካን ስሞላ ከኋላዬ ተሰልፈው አዩኝ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ እትዬ» አልኩ። ዝም አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በራስህ ላይ ክፉ ነገር እያሰብክ ነው እንዴ?» አሉ።

በሕይወቴ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አንድ ልቤ ይብቃህ ይለኛል» አልኳቸው።

«እሺ። ሌላኛውስ?»

መልስ አልነበረኝም። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሬ ላይ ይፈስ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ቧንቧውን ዘጋሁት።

ኋላ ካነበብኩት እንደተረዳሁት፣ እትዬ በሁለት ቃል የጠየቁት ነገር የጥናት ርዕስ ሆኖ ኖሯል። ኤድዊን ሽናይድማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ራስን ማጥፋትን የሚከላከል ማዕከል ከባልደረቦቹ ጋር አቋቁሞ ዕድሜውን በዚህ ሥራ የፈጀ ሰው ነው። ሊሞት የሚያስብ ሰው በአብዛኛው ሁለት ልብ መሆኑን፣ ሞትን እየፈለገ የሚያድነውንም እንደሚፈልግ ደጋግሞ ጽፏል። ማሪያ ኮቫክስና አሮን ቤክ ደግሞ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረው የተረፉ ሰዎችን አጥንተው፣ የመኖር ፍላጎትና የመሞት ፍላጎት በአንድ ሰው ውስጥ እንደሚሟገቱ አሳይተዋል። ስለዚህ ማመንታት የማስመሰል ምልክት ሊሆን አይችልም። የሕመሙ ዋና ጠባይ ነው።

«የቆረጠውን ሰው የሚያግደው የለም፤ ዛሬ ብታስቀሩት ነገ ያደርገዋል» የሚለው የጽሑፉ ዐረፍተ ነገርም በዚሁ ይመለሳል። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ሳይደን የተባለ ተመራማሪ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ ሰው ደርሶ ያስቀራቸውን 515 ሰዎች ዱካ ተከትሎ ያገኘውን አሳተመ። በአማካይ ከ26 ዓመት በኋላ 94 በመቶ ያህሉ ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይ በተፈጥሮ ሞት አርፈዋል። ነገ ያደርጉታል ከተባሉት ሰዎች አብዛኞቹ አላደረጉትም። ያቺ ክፉ ሰዓት እንደ ማዕበል ነች፤ ትነሣለች፣ ትከብዳለች፣ ትወርዳለች። ሰው የሚያስፈልገው እስክትወርድ ድረስ ነው። እርግጥ ነው፣ አንዴ መትረፍ ሕመሙን አያድነውም፤ ከዚያ በኋላ ሕክምናና ክትትል ያስፈልጋል። ግን መጀመሪያ መንጋት አለበት።

እስቲ «ችላ ሲባል ይተወዋል» የሚለውንም በሚዛን እንየው። የሁለቱ ልቦች ክብደት እኩል በሆነበት ሰዓት ሰው መጥቶ «አታስመስል» ቢለው፣ ያ ቃል የሚያርፈው በየትኛው ወገን ላይ ነው? «ማንም አይፈልግህም» የሚለው ልብ ምስክር ያገኛል። ከጎረቤቴ በፊት ለታላቅ ወንድሜ በስልክ ነግሬው ነበር። «ጥጋብ ነው፤ ሥራ ፍታ ሲልህ» አለኝ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ጸሐፊው የሚመክሩትን መልስ ነው የሰጠኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የነበረው ሳምንት ከሁሉም የከፋው ነበር።

ሦስተኛው፣ መጠየቅ ሐሳቡን መስጠት ነው የሚለው፣ ብዙ ቅን ሰዎች የሚፈሩት ስለሆነ በአክብሮት ልመልሰው። እኔ ራሴ መምህር ሆኜ ስንት ዓመት የፈራሁት ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ በኒው ዮርክ ግዛት ስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ 2,342 ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሱ ስለ ራስን ማጥፋት በቀጥታ ሲጠየቁ ገሚሱ አልተጠየቁም። የተጠየቁት ከሌሎቹ ይልቅ አልተጨነቁም፣ ሐሳቡም አልጨመረባቸውም። እንዲያውም ድባቴ የነበረባቸው ወይም ቀድሞ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረው የነበሩ ልጆች ቀለል ያላቸው ይመስል ነበር። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ሥራም መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጨምር ደምድሟል።

ጥናቱ ይቅርና፣ ነገሩ በራሱ ያስኬዳል። ሐሳቡ የሌለው ሰው ብትጠይቁት «ኧረ እግዜር ይይልህ!» ብሎ ያልፋል። ሐሳቡ ያለበት ሰው ደግሞ ከእናንተ አልተቀበለውም። አብሮት የከረመ ነው። የምትሰጡት አዲስ ነገር ቢኖር የሚናገርበት በር ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚያነሡት ሌላ ስጋት ግን በከፊል ትክክል ነው። አንድ ሰው ራሱን ሲያጠፋ እንዴት እንዳደረገው፣ የት እንዳደረገው እየዘረዘሩ፣ ፎቶውን በሐዘን ሙዚቃ እያጀቡ ማሰራጨት ሌላውን የታመመ ሰው ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች ባወጣው መመሪያ የሚከለክለውም ይህንኑ ነው። ይህ ግን ዝርዝር ወሬ መንዛት ነው፤ አንድን ሰው ለብቻው፣ በቀስታ፣ ዓይኑን እያዩ መጠየቅ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር ልክ አይደለም።

አራተኛው፣ የእምነት ጉድለትና የውጭ በሽታ ነው የሚለው። ጸሐፊው መጽሐፍ ቅዱስ ስለሚጠቅሱ እኔም ከዚያው ልጥቀስ። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ነው፤ የእምነት ጉድለት አለበት የሚል ካለ ይምጣ። እርሱ ራሱ በማግሥቱ ያህል ወደ ምድረ በዳ ሄዶ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ይበቃኛል ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም፣ ጥጋበኛም አላለውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ አስተኛው፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ። ሙስሊም ወገኖቼም መርየም በምጥ ጭንቅ ውስጥ ሆና ከዚህ በፊት በሞትኩ ያለችበትን የቁርኣን ቃል ያውቃሉ። ማንም መርየምን በእምነት ማነስ አይከሳትም።

አባቶቻችን አያውቁትም ለሚለውም፣ ቋንቋው ራሱ ይመስክር። «ምነው ባልተወለድኩ»፣ «ሞቴን በመረጥኩ» የሚሉት ቃላት በአውሮፕላን አልመጡም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውንም እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ልጅ በታሪክ ትምህርት ይማረዋል። በአንድ በኩል የንጉሥ ሲሆን እንዘፍንለታለን፣ በሌላ በኩል የጎረቤት ልጅ ሲሆን እናወግዘዋለን፤ ሁለቱም ግን በሕይወት ላለ ተጨናቂ ሰው የሚሰጡት ነገር የለም። ጥጋብ ነው ለሚለው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ ይናገር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 727,000 ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 73 በመቶ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ለሆኑ ወጣቶች ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ይህ የጠገበ ሰው በሽታ አይመስልም።

እምነት ይጠቅማል ለሚሉት ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እትዬ በየማለዳው ስሜን በጸሎት ያነሡ ነበር፤ እንጦጦም ጸበል ወስደውኛል። መድኃኒቴን ግን በእጃቸው እየቆጠሩ ነበር የሚያውጡኝ። ጸበሉና ክኒኑ እኔ ውስጥ አልተጣሉም።

አሁን አምስተኛው። ሰው ያማል ወይ? ያማል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳው ስስ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተነገረ ምሥጢር ምድር ቤት ቡና ላይ ይደርሳል። «አማኑኤል የሚገባ ነው» የሚል ስድብ ባለበት ከተማ ሐኪም ፈልጎ መሄድ ድፍረት ይጠይቃል። እኔም ታምቻለሁ፤ አንድ ሰው ልጁን እንዳላስጠናበት ከለከለ፤ አሳዝኖኛል። ስለዚህ ለማንም ተናገሩ አልልም። ምሥጢር ጠብቆ የሚያውቅን፣ ሲሰማ ቶሎ የማይመክርን ሰው መምረጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሰው እንደ ወንድሜ ቢሆን ወደ ሁለተኛው መሄድ ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ቃል የጸሐፊውን «ሆድ ይፍጀው» ያሸንፈዋል። ሆድ እንዲህ ያለውን ነገር አይፈጀውም፤ ነገሩ ነው ሆድን የሚፈጀው።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣን ወይም የረዳን ነው። ተጨንቄአለሁ ብሎ ለጎረቤቱ ወይም ለሐኪም የተናገረን ሰው የሚከስ ሕግ የለም። በዚህ ምክንያት ዝም ያለ ሰው ካለ ከዛሬ ጀምሮ አይፍራ።

ጎረቤት ምን ያውቃል፣ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው ለሚሉት ደግሞ፣ እትዬ ያደረጉትን ልዘርዝር። ሌሊቱን ብቻዬን እንዳላድር ወሰኑ። ልጃቸውን ቀስቅሰው ስፖንጅ ፍራሽ አሸክመው ወደ ቤቴ ላኩት፤ እኔ አልጋዬ ላይ፣ እርሱ በሩ ሥር ተኛን። ቤቴ ውስጥ ሊጎዳኝ የሚችል ነገር እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ወሰዱት። «ለማንም እንዳይነግሩ» ስላቸው «ለሐኪም እነግራለሁ፣ ለሌላ ለማንም አልነግርም» አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ጠዋት ቂንጬ ሠርተው ጠሩኝና አብረን ወጣን። ያልበላሁ፣ ያልተኛሁ ሰው መሆኔን ከማንም በፊት ያዩት እርሳቸው ናቸው።

የሄድንበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ያለችው ሠራተኛ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብላ በመስኮቱ ጮክ ብላ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ ሃያ ሰው አለ። ዞሬ ልወጣ ነበር። እትዬ እጄን ይዘው «እንቅልፍ አጥቷል፤ ካርዱን ስጪው ልጄ» አሏት። ውስጥ ያገኘሁት ነርስ ግን በሩን ዘግቶ፣ ሳይቸኩል፣ ያንኑ የእትዬን ጥያቄ ጠየቀኝ። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገራችን የአእምሮ ሕክምናን በጤና ጣቢያ ደረጃ ለማድረስ የዓለም ጤና ድርጅትን ፕሮግራም ይዛ ባለሙያ ስታሠለጥን ቆይታለች። ሁሉ ቦታ ደርሷል ማለት አይደለም፤ በሩቅ ያሉ ሰዎች ጭራሽ ላያገኙት ይችላሉ። ጸሐፊው አገልግሎቱ ትንሽ ነው ማለታቸውም እውነት ነው። ታዲያ ሐኪም ትንሽ በሆነበት አገር ጎረቤትን ዝም ማሰኘት ምን ያተርፋል? ካርድ ክፍሉ በር ላይ እጄን የያዘኝ ሐኪም አልነበረም። ያለ እርሳቸው ደግሞ ነርሱ ጋ አልደርስም ነበር።

ነርሱ ወደ ሆስፒታል ጻፈልኝ። እዚያ ከሐኪሙ ጋር አንዲት ወረቀት አዘጋጀን። ሐሳቡ ሲመጣ ምን ምን ምልክት እንደማይ፣ ለብቻዬ ምን ማድረግ እንደምችል፣ ከዚያ ለማን እንደምደውል በተራ የተጻፈባት ናት። አንደኛ ተራ ላይ ወደ ምድር ቤት መውረድ ይላል። ስምንት ወር መድኃኒት ወሰድኩ። ሐሳቡ ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ መጥቶብኛል። ሁለቱንም ጊዜ ወርጃለሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ከዚያ በፊት ለዕድር መዋጮ ብቻ የተባለ ይመስለኝ ነበር። እኛ ብሎክ ዕድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ይተከላል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ ለሦስት ቀን ማንም ብቻውን አያድርም። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ነን። ለቀብር የምናውቀውን ከቀብር በፊት ብናደርገው የሚል ሐሳብ ባለፈው ስብሰባ ላይ አንሥቼ ነበር፤ ገና እየተነጋገርንበት ነው። ዓለም ራስን ማጥፋትን ለመከላከል የሚያስብበት ቀን፣ መስከረም 10 በፈረንጆቹ፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ነው። አዲሱን ዓመት ለመቀበል በየሰፈሩ ችቦና ቄጠማ የሚሸጥበት ሰሞን ነው፤ ብቻውን ላለ ሰው ደግሞ በጣም የሚከብድ ሰሞን። እንድንጀምር ያሰብኩት በዚያ ቀን ነው።

ይህን እያነበበ የእኔ ዓይነት ሌሊት ላይ ያለ ሰው ካለ፣ ጸሐፊው ችላ ይባላል ያሉት ሰው አንተ ወይም አንቺ ከሆናችሁ፣ ማመንታታችሁ ውሸታም አያደርጋችሁም። ዛሬ ማታ ብቻችሁን አትደሩ። በር አንኳኩ። «አንድ ልቤ እንዲህ ይለኛል» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። በአካባቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይቀበላችኋል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል ላለን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው፤ መርካቶ በኩል ላሉ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። አምቡላንስ ካስፈለገ 907 ነው።

ልጁን ምን ብዬ እንደመለስኩለት አልነገርኳችሁም። «እውነት አይደለም» ብዬ ጻፍኩለት፤ ከዚያ ጽሑፍ የማይበቃ መስሎኝ ደወልኩለት። ስለ ጽሑፉ ጥቂት አወራን። ከዚያ እትዬ እኔን እንደጠየቁኝ አድርጌ ጠየቅኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «አዎ ቲቸር» አለ። ቤቱ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሄጄ ይዤው መጣሁ።

የእትዬ ፍራሽ እስካሁን እኔ ቤት ነው። ያኔ ልመልስላቸው ስል «ይቀመጥ፤ ለሰው ያስፈልግ ይሆናል» ብለውኝ ነበር። ልጁ ሁለት ሌሊት በእርሱ ላይ አደረ። ትናንት እናቱ መጥታ ወስዳዋለች፣ ምን እንደሚያስፈልገው ከነርሱ ጋር ሆነን ነግረናታል፤ ይህን እንድጽፍም ፈቅዶልኛል። ሐሙስ ቀጠሮ አለው። አብሬው እሄዳለሁ፤ ካርድ ክፍሉ ጋ ስንደርስ እኔ ነኝ የማናግራቸው።